አባወራው ሦስት ቀን ከማሳው ሲርቅ

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ከቀረቡት ንግግሮች አንዱ)



በእንዲህ ዓይነቱ በዓል ላይ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ምርጥ ዘር፣ ስለ ብድርና ስለ ትርፍ ክፍፍል ብዙ ይነገራል፤ መነገሩም ተገቢ ነው። የዛሬው ርዕስ ግን ግብዓቱን ተቀብሎ የት ላይ እንደሚያውለው፣ ምርቱን መቼ እንደሚሸጠው፣ ለየትኛው ልጅ ምን እንደሚሰጥ ስለሚወስነው ሰው ነው። ይኸውም የቤተሰብ ኃላፊው ነው። ይህ ሰው ከዕለት ሥራው ጥቂት ቀን መራቁ ለቤቱ ምን ይጠቅማል? ጥያቄው ለአንዳንዱ የቅንጦት ሊመስል ይችላል። «ገበሬ ደግሞ ምን ዕረፍት አለው?» የሚል መልስ ከወዲሁ ይሰማል። ነገሩ ግን የቅንጦት አይደለም።

የቤተሰብ ድርጅት ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው በከተማ ያለ ባለ ወፍጮ፣ ባለ ሱቅ ወይም ባለ መኪና ነው። አንድ ጥንድ በሬ፣ አንድ ሄክታር የማይሞላ መሬት፣ አንድ ሁለት ላምና ጥቂት በግ ይዞ ስድስት ሰባት ነፍስ የሚያስተዳድር አርሶ አደር ከእነዚህ በምን ያንሳል? ዘር ይገዛል፣ ዕዳ ይገባል፣ የሰውና የከብት ጉልበት ይመድባል፣ ምርት ያከማቻል፣ ይሸጣል። ሲከስር ደግሞ እንደ ከተማው ነጋዴ ሱቁን ዘግቶ ሌላ ሥራ ልፈልግ የማለት ዕድሉ ጠባብ ነው፤ የሚከስረው ከልጆቹ ቀለብ ላይ ነው። ስለዚህ አባወራውም ሆነ እማወራዋ የድርጅት መሪዎች ናቸው። ልዩነቱ መሪውም ዋናው የጉልበት ሠራተኛም አንድ ሰው መሆኑ ነው፤ ችግሩም የሚጀምረው ከዚሁ ላይ ነው።

የዓመቱን ሥራ ተከትሎ ማየት ይጠቅማል። በልግ ጠብ ሲል ሞፈር ይወጣል። ለጤፍ የሚዘጋጅ ማሳ ከመዘራቱ በፊት አራትና አምስት ጊዜ፣ በአንዳንድ ቦታ ከዚያም በላይ ይታረሳል። ሐምሌ ዘር ነው፤ ነሐሴና መስከረም አረም ነው። ጥቅምት ላይ ወፍና ከብት ጥበቃ አለ፤ ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳና ክምር፣ ከዚያም እስከ ጥር ድረስ ውቂያ ነው። በዚህ ሁሉ መካከል አጥር አለ፣ የታመመ በሬ አለ፣ የተጠራ ስብሰባ አለ፣ የጎረቤት ለቅሶ አለ። አባወራው ማለዳ ሲነሣ የዕለቱ ሥራ በደጅ ቆሞ ይጠብቀዋል። ማታ ሲገባ ሰውነቱ ዝሎ እግሩን ታጥቦ ይተኛል። ታዲያ በየትኛው ሰዓት ነው የዚህ ቤት መሪ ስለ ቤቱ የሚያስበው?

አብዛኛው ውሳኔ የሚወሰነው ከሥራ ወደ ሥራ በሚደረግ ሩጫ መካከል ነው። ዘንድሮም አምና የተዘራው ይዘራል፤ ምክንያቱም አምና ተዘርቷል። እህሉ ከዐውድማ ሳይነሣ ለሰብሳቢ ነጋዴ ይሸጣል፤ ምክንያቱም ነጋዴው አህያና ጆንያ ይዞ መጥቷል፣ ዕዳም አለ። አበው «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚሉት ለእንዲህ ያለው ነው።

የሽያጩን ነገር ብቻ ወስዶ በቁጥር መመልከት ይቻላል። 12 ኩንታል ጤፍ ያስገባ አንድ ቤተሰብ ይታሰብ። ለዓመት ቀለብና ለዘር 5 ኩንታል ቢያስቀር 7 ኩንታል ለሽያጭ ይተርፈዋል። የማዳበሪያ ዕዳውን፣ የመሬት ግብሩንና የልጆቹን ልብስና ደብተር ለመሸፈን 3 ኩንታል ይበቃዋል እንኳ ቢባል፣ ቀሪውን 4 ኩንታል በጥር የሚያሸጥ አስገዳጅ ነገር የለውም። የእህል ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ በጥርና በየካቲት ዝቅ ብሎ በክረምት ከፍ እንደሚል ገበያ የሚውል ሁሉ ያውቃል። በኩንታል የ1,000 ብር ልዩነት ቢኖር 4 ኩንታሉ ስድስት ወር በጎተራ በመቀመጡ ብቻ 4,000 ብር ያስገኛል። ጤፍ ደግሞ ከደቃቅነቱ የተነሣ ነቀዝ የማይደፍረው እህል ነው። በቆሎ ከሆነ ነገሩ ይለያል፤ በቆሎ ያለ ጥሩ ማከማቻ ሐምሌን ሳይነቅዝ አያይም፤ ስለዚህ ሦስት ንብርብር የሆነው አየር የማያስገባው ከረጢት ወጪ ገብቶበት መታሰብ አለበት። ይህ ስሌት ከባድ ሆኖ አይደለም። አራተኛ ክፍል ያለ ልጅ ይሠራዋል። ነገር ግን ተቀምጦ ይህን የሚያሰላበት ግማሽ ቀን ያገኘ አባወራ ስንት ነው?

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይድበሰበስ መነገር አለበት። የመሪው ማሰብ ብቻውን ገበያ አያነሣም። ከጥሩ የመኸር ዓመታት በኋላ በ1993 እና በ1994 ዓ.ም. የበቆሎ ዋጋ ሲወድቅ፣ ጠንክሮ የሠራውና በፓኬጅ የተሳተፈው አርሶ አደር ጭምር የማዳበሪያ ዕዳውን መክፈል አቅቶት እንደነበር በዕድሜ የገፉ አባላት ያስታውሱታል። ቀጥሎ የ1994 ክረምት ዝናብ ሳይሆን ቀረና በ1995 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የምግብ እርዳታ ፈላጊ ሆነ። እንዲህ ያለውን ማዕበል አንድ ቤት ብቻውን አይመክተውም፤ ማኅበርና ዩኒየን ያስፈለገውም ለዚሁ ነው። ይሁን እንጂ ማኅበሩ እህል በተሻለ ዋጋ ልግዛ ብሎ ሲነሣ አባሉ አስቀድሞ በዐውድማው ላይ ሸጦ ከጨረሰ ማኅበሩ ምን ይገዛል? የማኅበሩ ጥንካሬ የሚወሰነው በየቤቱ በተደረገው ውሳኔ ነው።

ከዕለት ሥራ ራቅ ብሎ ማየት አዲስ ትምህርት አይደለም። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 18 ላይ ሙሴ ከጥዋት እስከ ማታ ተቀምጦ ሕዝቡን ሁሉ ብቻውን ይዳኝ እንደነበር ተጽፏል። ይህ አካሄድ እሱንም ሕዝቡንም እንደሚያደክም ያየለት እዚያው አብሮት የዋለ ሰው አልነበረም፤ ከሌላ አገር የመጣው አማቱ ዮቶር ነበር። ትንሹን ጉዳይ ለሌሎች አከፋፍሎ ትልቁን ብቻ እንዲይዝ የመከረውም እሱ ነው። ከውጭ የመጣ ዓይን በአንድ ቀን ያየውን ሙሴን የሚያህል መሪ በሥራ ተጠምዶ ሳለ አላየውም። በየቤቱ ዮቶር መጥቶ የሚመክርበት ዕድል የለም፤ ስለዚህ መሪው ራሱ ወጥቶ፣ ቤቱን ከውጭ ሆኖ የሚያይበት መንገድ ያስፈልገዋል።

«በዓሉ ሁሉ ምን ሆነና ነው?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ በወሩ ውስጥ ሞፈር የማይነሣባቸው ቀናት ጥቂት አይደሉም። ሚካኤል በ12፣ ገብርኤል በ19፣ ማርያም በ21፣ መድኃኔ ዓለም በ27፣ በዓለ ወልድ በ29፣ በዚያ ላይ ሰንበት አለ። ሙስሊም አባላትም ጁምዓን ያከብራሉ። ግብርና ባለሙያ ነኝ የሚል ሁሉ ለብዙ ዓመታት እነዚህን ቀናት እንደ ባከነ የሥራ ቀን እየቆጠረ አርሶ አደሩን ሲወቅስ ኖሯል። ወቀሳው ፍሬ እንዳላፈራ የታወቀ ነው፤ ደግሞም አቅጣጫውን የሳተ ነበር። የጎደለው የቀን ብዛት አይደለም። አባወራው በበዓል ቀን ከሞፈሩ ይራቅ እንጂ ከጣጣው አይርቅም። ማኅበር ይጠጣል፣ የዕድር ሒሳብ ይሰማል፣ በሽምግልና ተይዞ ይውላል፣ ቀበሌ ይጠራዋል። የጥር ወር ደግሞ ሠርግ ነው፤ ውቂያው ሲያልቅ ድግሱ ይተካል፤ የጎተራው አፍም ይከፈታል። እንዲህ ያለው ቀን ወገን ከወገን የሚገናኝበት ስለሆነ የሚናቅ አይደለም። ግን ለቤቱ ሥራ አመራር የዋለ ቀን ነው ለማለት አይቻልም።

ከሁሉ ይልቅ ለዚህ ጉዳይ ቀረብ የሚለው የሩቅ መንገድ ጉዞ ነው። መስከረም 21 ወደ ግሸን ማርያም፣ ታኅሣሥ 19 ወደ ቁልቢ ገብርኤል፣ ለልደት ወደ ላሊበላ፣ ወይም ባሌ ወዳለው ድሬ ሼህ ሁሴን የሚጓዘው ሰው ለነፍሱ ነው የሚሄደው። በመንገዱ ላይ ግን የስንቱን አገር ማሳ ያቋርጣል! አንዱ ጋ ገብሱ እንዴት እንደ ቆመ፣ ሌላው ጋ ውኃው በየት በኩል እንደ ተጠለፈ፣ የዚያ አገር በሬ ምን እንደሚበላ ያያል፤ ካደረበት ቤት ይጠይቃል። አንዳንዱ የወደደውን ዘር በጋቢው ጫፍ ቋጥሮ ይመለሳል። ልብ ሊባል የሚገባው ሌላው ነገር ደግሞ ጊዜው ነው። መስከረም 21 አረሙ ገና አላለቀም፤ ልደት በላሊበላ ሲከበር በብዙ አካባቢ አዝመራው ገና ዐውድማ ላይ ነው። ይህም ሆኖ ሰው ይሄዳል፤ ቤቱም አይፈርስም። የቀረው ሰው ይሠራዋል። ስለዚህ «እኔ ከሌለሁ ቤቴ ይበተናል» የሚለው አባወራ ለስለት ሲሆን የሚሄድበት ቀን ካገኘ፣ ለቤቱ ኑሮ ሲሆን የሚያጣበት ምክንያት የለም።

ሌላ አገር ሄዶ ማየት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ለማሳየት የእነዋሪ ነገር ጥሩ ምሳሌ ነው። በሰሜን ሸዋ በሞረትና ጅሩ ወረዳ፣ በእነዋሪ ሜዳ ላይ ያለው አፈር ጥቁር ዋልካ ነው። ዋልካ አፈር ለም ነው፤ ነገር ግን ክረምት ሲገባ ውኃ ያቁራል፣ የተዘራውም ሥሩ ታፍኖ ይቢጫል። በብዙ የዋልካ አገር ያለው አርሶ አደር መፍትሔው መጠበቅ ብቻ ነበር፤ ዝናቡ እስኪያባራ ቆይቶ በቀረው እርጥበት ሽምብራ፣ ጓያና የመሳሰለውን ይዘራል። በዚህም ምክንያት ማሳው ዋናውን የዝናብ ወራት ያለ ሰብል ያሳልፋል። የእነዋሪ ሰው ግን ከጥንት ጀምሮ ሌላ ዘዴ ነበረው። ከታረሰው ማሳ ላይ ሴቶችና ልጆች ጭምር ሆነው በእጃቸው አፈሩን እየዛቁ ሰፊ መደብ ይሠራሉ፤ በመደቡና በመደቡ መካከል ቦይ ይተዋሉ፤ ውኃው በቦዩ ይወርዳል፣ ስንዴው ከመደቡ ላይ ይቆማል። አድካሚ ሥራ ነው፤ ጎንበስ ብሎ የዋለበት ያውቀዋል።

ተመራማሪዎች በ1970ዎቹ መጨረሻ ላይ ስለ ዋልካ አፈር ማጥናት ሲይዙ ይህንን የእጅ ሥራ በጥሞና ተመለከቱት። ከዚያ ሁለት የአገር ባህል ማረሻ ጎን ለጎን ተገጥሞ በአንድ ጥንድ በሬ የሚጎተት መደብ ማውጫ ተሠራ፤ ዛሬ አርሶ አደሩ «ቢቢኤም» እያለ የሚጠራው መሣሪያ ከዚህ ሥራ የመጣ ነው። እዚህ ላይ የሚያስቆጨው ነገር የሚከተለው ነው። ያው ጥቁር አፈር፣ ያው ክረምት፣ ያው ስንዴ ያለበት ሌላ ወረዳ የእነዋሪን መደብ ሳያውቅ ትውልድ ያለፈበት ምክንያት ምንድን ነው? የእነዋሪ ሰው አልደበቀውም። በመንገድ ዳር የሚታይ ነገር ነው። ወጥቶ ያየው ሰው ስላልነበረ፣ ያየውም ቢኖር ተመልሶ አስቦ የሞከረው ጥቂት ስለሆነ ነው።

ዛሬ «የልምድ ልውውጥ» የሚባለው ነገር ይህንን ክፍተት ለመሙላት የመጣ ነው። በሐሳብ ደረጃ በጣም መልካም ነው። አፈጻጸሙ ላይ ግን፣ የወረዳ ኃላፊዎች ቅር ሳይላቸው መነገር ያለበት ነገር አለ። በየጊዜው የሚሄዱት እነዚያው ሰዎች ናቸው። አንድ ሞዴል አርሶ አደር አምስት ጊዜ ሄዶ ጎረቤቱ አንድ ጊዜ እንኳ መኪናው ላይ አልወጣም። ሦስት ሰዓት ጉዞ፣ ግማሽ ሰዓት የማሳ ላይ ገለጻ፣ ሁለት ሰዓት ምሳ፣ ከዚያ ቆብና ካናቴራ ተሰጥቶ መመለስ ይሆናል። ካናቴራው ለዘር ወቅት ይጠቅማል፤ ሌላ ጥቅሙ ግን አይታይም። ጎብኚው ምን ሊጠይቅ እንደሚሄድ አስቀድሞ ካላሰበ የሚያየው አስተናጋጁ ያሳየውን ብቻ ነው።

ይህ እንዲሻሻል ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። ሦስት ቀን ቢሆን፣ ሦስቱም ሌሊት በአርሶ አደር ቤት ታድሮ ቢሆን፣ አበሉም ለአዳሪው ቤት ስንቅ ቢውል ይበልጣል። ማታ እሳት ዳር ተቀምጦ የሚሰማው ወሬ በማሳ ላይ ከሚደረገው ገለጻ ይለያል። በማሳ ላይ ውጤቱ ይነገራል፤ እሳት ዳር ደግሞ ዕዳው፣ የከሸፈው ሙከራ፣ ከልጅ ጋር የተደረገው ጭቅጭቅ ይወጣል። መሪ ከመሪ የሚማረው ከዚህኛው ነው። የሄደው ሰው ሲመለስ ደግሞ ለማኅበሩ አባላት ያየውን እንዲናገር፣ ከዚያም በአንድ ጥማድ ላይ ብቻ እንዲሞክር ቢደረግ አንዱ ጉዞ ለሃያ ቤት ይደርሳል። ሙሉ ማሳውን በአንድ ጊዜ ቀይሮ የከሰረ ሰው ለሌላው ማስፈራሪያ ይሆናልና «አንድ ጥማድ» የሚለው ቃል ሊዘነጋ አይገባም።

እስካሁን የተነገረው ስለ ሄደው ሰው ነው። ከዚህ የማይተናነሰው ጥቅም ግን በቤት ውስጥ ለቀረው ነው። አባወራው ሦስት ቀን ሲሄድ በቤቱ ውስጥ ምን ምን በእሱ ጭንቅላት ብቻ እንደ ተቀመጠ ይታወቃል። ለማኅበሩ የተከፈለው የዕጣ ደረሰኝ የት ነው? ከጎረቤት የተበደረው 2 ኩንታል ዘር የሚመለሰው መቼ ነው? የእኩል ማሳው ውል ከማን ጋር ነው? የትኛው በሬ ነው በቀኝ የሚጠመደው? የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩስ በየትኛው ሳጥን ውስጥ ነው ያለው? በአማራ ክልል ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የተሰጠው ደብተር የባልም የሚስትም ስም ያለበት ነው፤ ቁልፉ ግን በብዙ ቤት ከአንዱ ወገብ ላይ ነው የሚንጠለጠለው። እነዚህ ጥያቄዎች በሦስት ቀን ጉዞ ሲነሡ ያስቃሉ፤ በሕመም ወይም በሞት ሲነሡ ግን ቤት ያፈርሳሉ። ስንት የውርስ ክርክር ነው አንድ ወረቀት ጠፍቶ፣ አንድ ቃል ሳይነገር ቀርቶ ወረዳ ፍርድ ቤት የሚመላለሰው?

ስለ ልጆችም ማሰብ ተገቢ ነው። 25 ዓመት የሞላው፣ አሥረኛ ክፍል ደርሶ የተመለሰ ልጅ በአባቱ ማሳ ላይ ዕለት ዕለት ይሠራል፤ አንድ ቀን ግን «ዛሬ የቱን እንረስ?» ተብሎ ተጠይቆ አያውቅም። እንዲህ ያለው ልጅ ለሰሊጥ አጨዳ ሁመራና መተማ ቢወርድ፣ ወይም እኅቱ ዓረብ አገር ልሂድ ብትል መሬት ማነሱ ብቻ አይደለም ምክንያቱ። በቤቱ ውስጥ ሰው መሆኑን የሚያይበት ሥራ አላገኘም። አባት ሦስት ቀን ሲሄድ ልጁ ይወስናል። ምናልባት ያጠፋል፤ ውኃውን ያለ ቀኑ ይለቀዋል፣ ጊደሯን ከዋጋዋ በታች ይስማማባታል። ከባዱ ፈተና የሚመጣው አባት ሲመለስ ነው። በዚያ ማታ ልጁን በጎረቤት ፊት ከዘለፈው የሦስት ቀኑ ጥቅም ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነው። ቡና ተፈልቶ «ምን አደረግህ? ለምን?» ብሎ ከጠየቀው ግን ለከርሞው ተተኪ አገኘ ማለት ነው። የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147/1991ም ሆነ እሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 985/2009 ለሥራ አመራር ኮሚቴ አባላት የሥራ ዘመን ያስቀመጡት ያለ ነገር አይደለም፤ ማኅበር በአንድ ሰው ላይ ብቻ እንዳይቆም ነው። ቤተሰብ እንዲህ ያለ ሕግ የለውም። ከመሪነት የሚያወርድ ጠቅላላ ጉባዔም የለውም። ስለዚህ አባወራው በፈቃዱ ለጥቂት ቀን ዞር ካላለ ተተኪው የሚፈተንበት ቀን የቀብሩ ማግስት ይሆናል።

ከጉዞው በኋላ የቤተሰብ ጉባዔ ቢደረግ መልካም ነው። የሚመረጠው ጊዜ ውቂያው አልቆ የጥር ሠርግ ጋብ ሲል፣ እርሻውም ሳይጀመር ያለው ክፍተት ነው። ከማሳ፣ ከተቻለም ከቤት ራቅ ተብሎ፣ ዛፍ ሥርም ቢሆን፣ አንድ ደብተርና አንድ እስክሪብቶ ተይዞ ይቀመጧል። ጽሕፈቱን የሚያውቀው ልጅ ይጽፋል። ምን ገባ፣ ምን ወጣ፣ ማን ዕዳ አለበት፣ ዘንድሮ የትኛው ማሳ ምን ይዘራበታል፣ ስንት ኩንታል እስከ ክረምት ይቆያል የሚለው ይጻፋል። የወረዳ ቅጽ አያስፈልገውም። ከዚያ ማዳበሪያ ሲመዘገብ ቤተሰቡ የሚመዘገበው በልምድ ሳይሆን በተጻፈው መሠረት ይሆናል።

አሁን ወደ እማወራዋ ነው። ስለ ዕረፍትና ስለ ጉዞ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የእሷ ነገር ነው። ለወንዱ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ የሥራ መላላት አለ፤ ለሴቷ የሚላላ ወር የለም። ውኃ በበጋ ጭራሽ ይርቃል። ማገዶ፣ ወፍጮ፣ እንጀራ፣ ጠላ፣ ልጅ፣ ጥጃ በዓል አያውቁም፤ በዓል ሲሆን እንዲያውም ይብሳሉ። እሱ ማኅበር ሲጠጣ ጠማቂዋ እሷ ናት። ዶሮውን፣ ቅቤውንና የጓሮ አትክልቱን የምትሸጠው፣ የዕለት ገንዘብ የምትይዘው እሷ ሆና ሳለ «የቤተሰብ ኃላፊ» ተብሎ ለጉብኝት የሚጻፈው የባሏ ስም ነው። በደቡብ ጎንደር በፎገራ ወረዳ ያለውን የአውራ አምባን ማኅበረሰብ ያየ ሰው፣ በዚያ ወንዱ እንጀራ ሲጋግር፣ ሴቷ ስታርስ ያገኛል፤ ማኅበረሰቡ በ1960ዎቹ ከተመሠረተ ጀምሮ ሥራ በጾታ እንዳይለይ አድርጎ ይኖራል። ሁሉም ቀበሌ እንደ አውራ አምባ ይሁን ለማለት አይደለም። ነገር ግን አንዲት እማወራ ሦስት ቀን ሄዳ የሌላ አገር ሴቶች ወተታቸውን በማኅበር ሰብስበው እንዴት እንደሚሸጡ አይታ ብትመለስ፣ ባሏም በእነዚያ ሦስት ቀናት ውኃ ቀድቶ፣ ሊጥ አቡክቶ ቢያይ፣ ሁለቱም የየራሳቸውን ትምህርት ያገኛሉ። የባልየው ትምህርት ምናልባት የበለጠ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ስለ ውኃ ጉድጓድ መዋጮ በቀበሌ ሲነሣ እጁን ቀድሞ የሚያወጣው እሱ ነው።

በመጨረሻም ከሁሉ ለመሄድ የማትችለዋ ባሏ የሞተባት ወይም የተፈታች፣ ልጆቿም ያልደረሱላት አባል ናት። እሷ ድርጅቷን ለአንድ ቀንም የምትጥልለት ሰው የላትም፤ ምክር ከሁሉ የሚያስፈልጋት ግን እሷ ናት። መሬቷን በእኩል ለሌላ የሰጠችው፣ ውሉም እንዴት እንደሆነ በቅጡ የማታውቀው፣ ስብሰባ ላይ ከኋላ የምትቀመጠው እሷው ናት። እሷን «ለልምድ ልውውጥ ተመርጠሻልና ነይ» ብሎ መጥራት ብቻውን ዋጋ የለውም። ላሟን ማን ያልባል? ልጆቿስ የማን ቤት ያድራሉ?

ለዚህ የሚሆን መሣሪያ በእጅ አለ፤ ስሙም ወንፈል ነው። ለአረምና ለአጨዳ የዋለው ወንፈል ለሦስት ቀን ጉዞም ይውላል። አምስት ጎረቤታሞች ተስማምተው በዚህ ወር አንዷ ስትሄድ አራቱ ከብቷን ይጠብቁላታል፣ ልጆቿን ያበሉላታል፤ በሚቀጥለው ወር ተራው የሌላዋ ይሆናል። መሠረታዊ ማኅበራቱ የትርፍ ክፍፍል በሚሰጥበት በጠቅላላ ጉባዔው ዕለት፣ አባላት ሳይበተኑ፣ የወንፈሉን ቡድኖች በስም መዝግበው ተራውን ቢያወጡ፣ ዩኒየኑ ደግሞ የመጓጓዣውን ወጪ ከትምህርትና ሥልጠና በጀቱ ቢችል ከመጪው የካቲት ጀምሮ የመጀመሪያዎቹ ተጓዦች መንቀሳቀስ ይችላሉ። በዝርዝሩ አናት ላይ የሚጻፉት ስሞች እስከ ዛሬ መኪናው ላይ ወጥተው የማያውቁት ቢሆኑ ይመረጣል።